«ጾም ነው» ብሎ የጋበዛት ኑድልስ

አዳማ ነው። ወጣቱ ደመወዝ እንደተቀበለ ልጅቱን ይዞ ቻይናዎች ኑድልስ ከሚበሉባት ጠባብ ቤት ገባ። ሁለተኛ ቀጠሯቸው ነው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ።

«ጾም ነው አይደል?» አለችው። አስተናጋጇን ብጠይቅ ፋራ እባላለሁ ብሎ «አዎ፣ ፓስታ በይው» አላት። ጎድጓዳው ሳህን መጣ፤ ከላይ ጎመንና ካሮት ብቻ ነው የሚታየው። ግማሹን ከበላች በኋላ ከሥር ሥጋ ብቅ አለ። የምን ሥጋ? እሱም አያውቅ! ልጅቱ ሹካዋን አስቀመጠች። ባጃጅ እስክትይዝ ድረስ ቃል አልወጣትም።

ወጣቶች ሆይ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ሠራተኛ ባለበት የአገሩ ምግብ ይከተላል። እንዲህ ያለው ቤት ግን የእኛን ረቡዕና ዓርብ አይቆጥርም። ሊጡ የስንዴ ቢሆንም እንቁላል ሊገባበት ይችላል። ሾርባው ብዙ ጊዜ የአጥንት ነው። የአሳማ ሥጋና ስብም በቻይና ማዕድ የተለመደ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ። (በነገራችን ላይ የላንዡ ከተማ የበሬ ሥጋ ኑድልስ የቻይና ሙስሊሞች ሙያ ነው።) በቀጫጭኖቹ እንጨቶች መብላት ካቃታችሁ ሹካ ጠይቁ፤ ሾርባውን ፉት ብትሉም ነውር የለውም።

ለወጣቱ ግን ምክራችን ሌላ ነው። ልጅቱን ያስከፋት ሥጋው ብቻ አይመስለንም፤ ሳያውቅ «አዎ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በአስተናጋጇ ሳያሳብብ፣ ስጦታም ሳይቀድም፣ «አፍሬ ነው የዋሸሁሽ» ይበላት።