ስለ ተምች እናት፤ ወንዱንና ሴቲቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

ኢትዮጵያና ኬንያ በወሰናቸው ላይ በሚካፈሏት በሞያሌ ከተማ፣ የበልግ ዝናም በጣለ ሰሞን በመብራት ዙሪያ የሚዞረው የእሳት እራት ዓይነቱ ብዙ ነው። ከብት አርቢውን፣ የእህል ነጋዴውንና አስተዳዳሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ግን አንዱ ነው፤ ይኸውም ተምች የተባለው ትል የሚወለድበት ነው።

ይህ የእሳት እራት ከታንዛኒያና ከኬንያ ተነሥቶ፣ ሌሊት በነፋስ እየተረዳ፣ በየደረሰበትም እየተራባ ወደ ሰሜን ይጓዛል። የቦረናን ግጦሽ አልፎ ኤርትራና የመን ድረስ የሚዘልቅበት ጊዜ አለና፣ የሞያሌ ነገር ለአሥመራና ለምጥዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና በመጀመሪያ መቀመጫው አሥመራ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣ ሌላ ተምችን ይከታተላል።

ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የፊተኛው ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ፣ የኋለኛው ነጣ ያለ ሆኖ ሥሩ የጠቆረ ነው። ብዙ ሰው ላባ የመሰለ ቀንድ ያለው ወንድ ነው ይላል። ይህ በትልልቆቹ ሐር ሠሪዎች ዘንድ እውነት ነው፤ በተምች ግን የሁለቱም ቀንድ ለዓይን እንደ ክር ስለ ሆነ ምልክቱ አይረዳም። የሴቲቱ የሆድ ጫፍ ከፋይ በመሰለ ጥቁር ጠጉር የተሸፈነ ነው፤ እንቁላሏንም በዚሁ ጠጉር ታለብሰዋለች። አጥብቆ ለመረዳት የሚፈልግ ማጉያ መነጽር ይያዝ፤ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው እሾህ በወንዱ አንድና ወፍራም፣ በሴቲቱ ከአንድ የበለጠና ቀጭን ነው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ አይምሰል። የሴቲቱን ሽታ በመሰለ መድኃኒት የሚሠራው ወጥመድ ወንዱን ብቻ ይይዛል፤ ሴት አልተገኘችም ተብሎ እንቁላል አልተጣለም ማለት ከባድ ስሕተት ነው። ወንዱ በዝቶ ከተያዘና ዝናም ከጣለ ሴቲቱን በሣሩ ላይ መፈለግ ይገባል። በመብራት ወጥመድ ግን ሁለቱም ይገባሉ። እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉ በመጀመሪያ ትንሽና አረንጓዴ ስለ ሆነ አይታወቅም፤ ጠቁሮ በጭፍራ በታየ ጊዜ ለግጦሹ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሁለቱ አገሮች የታየው የአሜሪካ ተምች ሌላ ነው። የእርሱ ወንድ በፊተኛው ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነጭ ምልክት ሲኖረው፣ ሴቲቱ ደብዛዛ ናት፤ ከሁሉ ይልቅም በቆሎን ይወዳል። የቀድሞው ግን ሣርን፣ ጤፍን፣ ማሽላንና በቆሎን ይበላል፤ ባቄላንና አተርን አልፎ ይሄዳል።