ስለ ዳሌና ስለ ጉልበት ሕመም ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

በበዓል ቀን በቂርቆስና በኡራኤል ደጅ ለሚቆም ሰው፥ በመቋሚያ ተደግፈው እያነከሱ የሚመጡ አባቶችንና እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። በ2017 ዓ. ም. ከካዛንችስ ሰፈር ብዙው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ በተዛወረ ጊዜም፥ ሽማግሌው ከዕቃው ጋራ የታመመ ጉልበቱን ይዞ ሄዷል፤ እንዲህ ላለው ሰው የፎቅ ደረጃ ተራራ ነው። ስለዚህ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ሽማግሌ ሲያነክስ «የዕድሜ ነው» ብለን እንተወዋለን፤ ወይም ወጌሻ እንጠራለን። ነገር ግን በመጋጠሚያው ላይ ያለው ልም አጥንት ካለቀ ማሸት አይመልሰውም፤ አጥብቆ ማሰርም ደም ከልክሎ እግርን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል።

ለዚህ ሕመም የአጥንት ቀዶ ሐኪም አለ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ግሉክ የሚባል የበርሊን ሐኪም ከዝሆን ጥርስ መጋጠሚያ ሠርቶ ሞከረ፤ ቁስሉ ስላመረቀዘ ሥራው አልጸናም። በ1962 ግን ጆን ቻርንሊ በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል የጭኑን አጥንት ራስ ቈርጦ የብረት ራስ ተከለ፤ በዳሌውም ጕድጓድ የፕላስቲክ ጽዋ አኖረ። በጉልበት ሕክምና ደግሞ የተበላው ገጽ ተልጎ ብረት ይለብሳል፥ በመካከሉም ፕላስቲክ ይገባል። ከእነዚህ መጋጠሚያዎች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚያህሉት 15 ዓመት ያገለግላሉ። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ።

ይሁን እንጂ ለሁሉ ቢላዋ አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ራጅ አይቶ አስቀድሞ መድኃኒትን፥ የሰውነት እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን ያዝዛል። መጋጠሚያው ከውጭ አገር ስለሚመጣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የቁስል ማመርቀዝና የደም መርጋትም ያሰጋል። አዲስ ዳሌ የተተከለለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዝቅተኛ በርጩማ ቢቀመጥ ወይም ቢሰግድ ሊወልቅበት ይችላልና፥ ቤተ ሰቡ ከፍ ያለ ወንበር ያዘጋጅለት፤ የሚያደናቅፈውንም ምንጣፍ ያንሣለት።

«ስግደቴን ከማጣ ሕመሙን ልቻለው» የሚሉ እናቶች አሉ፤ የቃሉ ክብደት አይጠፋንም። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ጾምን ስንኳ ያቀላል። እናት በአልጋ ተይዘው ከሚቀሩ፥ ሳይሰግዱም ቢሆን በእግራቸው ሄደው ቢያስቀድሱ አይሻልምን? ስለዚህ ልጆች፥ ወላጆቻችሁ ወድቀው ከመሰበራቸው በፊት ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው።