ቀፎው የድሮ፣ ሆዱ የዛሬ

ይህን ስነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ከሰሙ ቡና እንኳ አብረውኝ አይጠጡም።

ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ «ታድሶ እንደ አዲስ ይሠራል» የተባለ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ካያችሁ፣ ከማድነቃችሁ በፊት አናቱ ላይ ባለው እጀታ ብድግ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1984 ከፋብሪካ ሲወጣ 7.5 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ከቀለላችሁ የስክሪኑ የመስታወት ቱቦ ወጥቷል፤ ውስጥ ያለችው መታወቂያ ካርድ የምታክል፣ ራስቤሪ ፓይ የምትባል ኮምፒውተር ናት። ሚኒ ቪማክ በሚባል ፕሮግራም የድሮ ማክ መስላ ትተውናለች። ይህን የክብደት ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ከሥር ብረት ያስቀምጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ለማታለል ሳይሆን እንዳይንገዳገድ ብዬ። ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ የኋላና የፊቱ ቀፎ የሚገጥሙበትን መስመር ተመልከቱ። ሁለቱ ብሎኖች እጀታው ሥር በጣም ጠልቀው ስለተቀበሩ ተራ ካቻቢቴ አይደርስባቸውም፤ ረጅም ባለኮከብ፣ ቁጥሩ ቲ15 የሆነ ያስፈልጋል። ትዕግሥት ያጣ ሰው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈለቅቀዋል፤ ጠባሳው አይጠፋም።

ትልቁ ተንኮል ግን ስክሪኑ ላይ ነው። የድሮው ምስል 512 በ342 ነጥብ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንገጥመው ባለ 8 ኢንች ስክሪን 1024 በ768 ነው። እያንዳንዷን የድሮ ነጥብ በአራት ብትተኳት ወርዱ ልክ ይመጣል፤ ቁመቱ ላይ 84 መስመር ይተርፋል፤ 42 ከላይ፣ 42 ከታች ጥቁር ሆኖ መቅረት አለበት። ደንበኛ ደግሞ ጥቁር አይወድም፤ «ሙላልኝ» ይላል። ከተሞላ ክቡ እንቁላል ይሆናል። ገዢዎች ይህን አያስተውሉም፤ እኛ ግን ገና ከበር ስንገባ ይታየናል። ደግሞም የጥንቱ ምስል ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ የኛው 16 ነው። ቀዳዳውም የተሠራው ለጎባጣ መስታወት ስለሆነ ጠፍጣፋው ስክሪን ጥጋጥጉ ላይ ክፍተት ይተዋል። ያንን የምንሸፍነው በጥቁር ካርቶን ነው። አዎ፣ በካርቶን።

ቀለሙ በጣም ከነጣ ጠርጥሩ፤ ሲወለድም ነጭ አልነበረም። ቢጫ ያደረገው ፀሐይና ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው እሳት መከላከያ ብሮሚን ነው። የምናነጣው ፀጉር ቤት በሚገኝ የፔሮክሳይድ ክሬም ቀብተን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ ፀሐይ ላይ በማስጣት ነው። እኩል ካልተቀባ ለምጽ የያዘው ይመስላል፤ በደንብ የተሠራውም ውሎ አድሮ ተመልሶ ሊወይብ ይችላል። ይህን ለደንበኛ የሚናገር ብዙ አይደለም።

ኪቦርዱ? ቀስት ቁልፍ ከሌለው እውነተኛ ነው። ገመዱ የስልክ ቢመስልም የስልክ ገመድ እንዳትሰኩበት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ አሰካኩ ይለያል።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ። እኛ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ የሚሠራ ማሽን ሆዱ አይዘረገፍም፤ የሞተ ብቻ። ግን ሞቷል ብሎ የሚፈርደው ማነው? እኛው ነን። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ማኪንቶሽ ሲበራ ከላይ እስከ ታች አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ያሳይ ነበር። አለቀለት አልኩ። ቀፎውን ስከፍት የኋላው ግድግዳ ውስጥ ፊርማዎቹ አሉ። የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ወረቀት ላይ ፈርመው፣ በፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ ላይ የተቀረጸላቸው ነው፤ ስቲቭ ጆብስም አለበት። ለአዲሱ ኬብል ቀዳዳ በትራፓኖ ልበሳ ስል እጄ ተያዘ፤ በድሮው የመሰኪያ ቀዳዳ አሾልኬ ሰጠሁት። በዚህም ለወራት ስኮራ ኖርኩ።

አንድ ቀን ካወጣኋቸው ሰሌዳዎች አንዱን በማጉያ መነጽር አየሁት። ወደ ቱቦው የሚሄደው መሰኪያ እግር ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። የነጯ መስመር ምክንያት ያቺው ነበረች፤ በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ጠብታ ስታኞ በቂ ነበር።

ስታኞውን አደረግኩለት። ደንበኛው እስካሁን አያውቅም። እሱ ሳሎን ውስጥ ቀፎው ተቀምጧል፤ እኔ ጓዳ ደግሞ፣ የልጆች እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ቱቦውና ሰሌዳዎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ሳበራው የፍሎፒ ሥዕል ይመጣል፤ መሐሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል።