ችሎታው ሄደ፣ ዋሱ ቀረ

አንድ ባንድ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ወጥቶ ግማሹ አባል ሳይመለስ በቀረ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ የሚነሳው ወሬ አይለወጥም። አንዱ «እዚህ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ሰው እዚያ ታክሲ ይነዳል» ብሎ ይቆጫል። ሌላው «እዚህስ በምን ሊኖር?» ይላል። ከዚያ ነገሩ ወደ ቪዛ ይዞራል። ቪዛውም በእርግጥ ያስመርራል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2024 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ልዩ ችሎታ ላላቸው ባለሙያዎች የሚቀርበውን የኦ-1 ማመልከቻ ክፍያ ከ460 ዶላር ወደ 1,055 ዶላር ከፍ አድርጎታል፤ አነስተኛ ድርጅቶች ግማሹን ያህል ይከፍላሉ። አርክቴክቶችና ዲዛይነሮች የሚሞክሩት ኤች-1ቢ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው የፕሬዚዳንቱ አዋጅ፣ ከአገሪቱ ውጭ ላለ አዲስ አመልካች 100,000 ዶላር ተጨምሮበታል።

ምሬቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። ግሪን ካርድ ይዘው የገቡ፣ ዜግነት እስከማግኘት የደረሱ ሙዚቀኞች፣ ሠዓሊዎችና የፊልም ባለሙያዎችም በሙያቸው ሥራ ሲያጡ ኖረዋል። ወረቀቱ ቢሟላም በሩ አልተከፈተላቸውም።

ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያዎች የታወቁ ናቸው፤ ቋንቋ፣ ዘረኝነት፣ ከአገር ቤት የመጣን የትምህርት ማስረጃ አለመቀበል። ሁሉም አሉ፤ ይሁንና ነርሷንም ኪቦርድ ተጫዋቹንም እኩል የሚመቱ ናቸው። ነርሷ የአገሩን ፈተና ካለፈችና ፈቃዷን ከያዘች የሚቀጥራት ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደነበረች መመርመር አያስፈልገውም። ኪቦርድ ተጫዋቹን ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ ግን የለም። ከማብራሪያዎቹ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ዘመድ አዝማድ ለአዲስ ገቢው የሚለግሰው ምክር ነው፤ «መጀመሪያ በርካሽ ሥራ፤ ችሎታህን ሲያዩ ራሳቸው ይፈልጉሃል።»

ይህ ምክር ለብዙ ሥራ ይሠራል፣ ለፈጠራ ሥራ ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በታክሲ ሥራ እያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው የቆመ ነው። አንድ አሽከርካሪ መንገድ ቢስት የሚጎዳው አንድ ተሳፋሪ፣ የሚባክነውም ሃያ ደቂቃ ነው። የሌሎቹ አሽከርካሪዎች ሥራ አይነካም። እንዲህ ባለ ገበያ አዲስ ሰው ዋጋ ቀንሶ፣ ሰዓት ጨምሮ መግባት ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ፊልም ቀረጻ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የአንዱ ሥራ በሌላው ላይ ይባዛል እንጂ አይደመርም። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ክሬመር በ1993 ባሳተመው ጥናት ይህን ያስረዳው በ1986 በጋየችው ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ነው። ቢሊዮኖች የፈሰሱባትን ማሽን ያጠፋት አንድ የጎማ ቀለበት ነበር። ክሬመር ይህን ያነሳው ኋላ ቀርነትንና የደመወዝ ልዩነትን ለማስረዳት ቢሆንም፣ የዚህ አምድ እምነት ሐሳቡ ከየትኛውም ዘርፍ ይልቅ ለጥበብ ሥራ እንደሚስማማ ነው።

በቁጥር ይታይ። አንድ ፕሮዲውሰር ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ አሥር ሙዚቀኛ ጠርቶ፣ የአንድ ቀን ቀረጻ 20,000 ዶላር ያስወጣዋል እንበል። የታወቀው ኪቦርድ ተጫዋች 300 ዶላር ይጠይቃል፤ አዲስ የመጣው በ100 እሠራለሁ ይላል። ፕሮዲውሰሩ አዲሱን ቢወስድ 200 ዶላር ይቆጥባል። ሰውየው ባይችል፣ ቢያረፍድ ወይም ከሌሎቹ ጋር ባይግባባ ግን የሚያጣው 20,000ውን ነው። አዲሱ ሰው በነፃ እሠራለሁ ቢልም ሒሳቡ አይቀየርም። እንዲያውም ዋጋው በወረደ ቁጥር ጥርጣሬው ይጨምራል፣ ፕሮዲውሰሩ ከዋጋው ሌላ የሚመዝንበት መረጃ የለውምና። ስለዚህ በርካሽ መሥራት በርካሽ ሥራ ውስጥ ያስቀራል እንጂ ወደ ላይኛው ወለል አያሻግርም።

በዚህ ላይ ሪቻርድ ኬቭስ የተባለው የሃርቫርድ ኢኮኖሚስት በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ያስቀመጠው ነጥብ አለ። የፈጠራ ሥራ ተሠርቶ እስኪታይ ድረስ ይያዝ አይያዝ ማንም አያውቅም፤ ሠሪውም ሆነ ነጋዴው። እንዲህ ሲሆን ገዢው ማድረግ የሚችለው ከሚያምነው ሰው አፍ የወጣን ስም መያዝ ነው። እዚህ አገር ለገንዘብ ያዥነት የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ እንደሚባለው ሁሉ፣ የኒውዮርክ ፕሮዲውሰርም ሳይናገር ዋስ ይጠይቃል። የአዲስ አበባው ባለሙያ ዋሶች ግን አዲስ አበባ ናቸው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ችሎታ ብቻ ነው፤ ያን ችሎታ የሚመሰክረው የሰው ሰንሰለት አገር ቤት ይቀራል።

የኢሚግሬሽን ሕጉም ይህንኑ የገበያ አሠራር ወረቀት ላይ አሰፈረው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ኦ-1 የሚጠይቅ አርቲስት ታላቅ ሽልማት ከሌለው በደንቡ ከተዘረዘሩት ስድስት ዓይነት ማስረጃዎች ቢያንስ ሦስቱን ማሟላት ይኖርበታል። ታዋቂ በሆነ ዝግጅት ላይ ዋና ሚና፣ በጋዜጣና በመጽሔት የተጻፈ ሒስ፣ የገበያ ስኬት፣ ከፍ ያለ ክፍያ እያለ ይቀጥላል። ከሙያ ማኅበር የተጻፈ አስተያየትም ይያያዛል። ሁሉም «ማን ይመሰክርልሃል?» የሚሉ ናቸው። ባህላዊ ዝግጅት ይዘው ለሚሄዱ ቡድኖች የሚሰጠው ፒ-3 ቪዛ ደግሞ ከተዘረዘሩት ዝግጅቶች ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ባለቪዛው ከመድረኩ ወርዶ ሌላ ሥራ ሊያፈላልግበት አይችልም።

የዚህን አሠራር ልክ ከማንም በላይ የሚያሳየው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነበሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ዙላ የሚል ባንድ መሥርተው ዋሽንግተን አካባቢ ተጫወቱ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ካሴቱ በአገር ቤት ተሰማ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ከኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ ውጭ የደረሰው አልነበረም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር።

ብራየን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባህር ዳር አግኝቶ በ2013 በራሱ አሳታሚ ድርጅት በድጋሚ አወጣው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫወቱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። በሃያ ስምንቱ ዓመታት ካሴቱ ላይ የተጨመረ ኖታ የለም። ሙዚቃው ያው፣ ሰውየው ያው፣ ከተማው ያው። የተለወጠው አንድ ነገር፣ ለአዲሱ ገዢ ጆሮ የታመነ ሰው «ይህን ስሙ» ማለቱ ነው። ኢኮኖሚስቶች በቤተ ሙከራ ሊያገኙት የማይችሉት ንጹሕ ሙከራ ይህ ነው፤ «ችሎታ ራሱን ይናገራል» ለሚሉም ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

የዶክተር ሙላቱ አስታጥቄም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቦስተን በርክሊ ተምረው በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ከፖርቶሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ሁለት አልበም ሠሩ፤ ገበያው ዝም አለ። ሰፊው የምዕራቡ አድማጭ ያወቃቸው በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች አራተኛው ቅጽ ሲወጣ፣ ይልቁንም የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ በ2005 በፊልሙ ውስጥ ሙዚቃቸውን ሲጠቀም ነው።

ዋስ እስኪመጣ መጠበቅ ያላስፈለጋቸውም አሉ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ፣ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የወር ደመወዝ ያለው ሰው ገበያው «አላውቅህም» ሲለው ሥራውን አይጥልም። የኃይሌ ፊልም «ሳንኮፋ» በ1993 ሲጠናቀቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩ። ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ ወሰዱት፤ የጥቁር ማኅበረሰቡ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት እየተቀባበሉ ተመልካች አመጡ። ዩኒቨርሲቲው ኑሯቸውን ባይደግፍ ያ ሁሉ ጉዞ እንዴት ይታሰብ ነበር?

የኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ ገበያ ግን ሁለት ገጽ አለው። ዋሽንግተንና አካባቢው ለደረሰ ድምፃዊ ሠርጉ፣ የአዲስ ዓመት ኮንሰርቱ፣ ምግብ ቤቱ ወዲያው ገንዘብ ይከፍላል፤ ታዳሚው ዘፋኙን ከአገር ቤት ስለሚያውቀው ዋስ አይጠይቅም። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም እዚያ የሚገኘው ስም በአማርኛ ተነግሮ በአማርኛ ያልቃል። ሒስ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አይመጣም፤ ፕሮሞተሩ የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ውሉ በቃል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የተጫወተ ሰው ለሌላው ገበያ የሚያሳየው አንድ ገጽ ወረቀት ላይኖረው ይችላል።

ስንት ባለሙያ ከሙያው እንደወጣ የመንግሥት አኃዞችን ተማምኖ መደምደምም አደገኛ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ አንድን ሰው የሚመድበው ብዙ ሰዓት በሚሠራበት ሥራ ነው። ቀን ታክሲ ነድቶ ማታ የሚጫወት ሰው በሠንጠረዡ ላይ ሾፌር ነው። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ትሮዝቢ ለብዙ ዓመታት ባካሄዳቸው የአርቲስቶች ጥናቶች ያሳየው፣ አብዛኛው አርቲስት ኑሮውን የሚደግፈው ከሙያው ውጭ ባለ ሌላ ሥራ ጭምር መሆኑን ነው። እንግዲህ «ከስደተኞች መካከል አርቲስት የሆነው ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ሲወጣ፣ ቁጥሩ የሚለካው ገበያው የተቀበላቸውን እንጂ ሙያው ያላቸውን አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስንት ናቸው በሚለው ላይ እንኳ የማኅበረሰቡ ግምትና የቆጠራው ውጤት ሲራራቁ ኖረዋል።

ጀርመን ትንሽ ለየት ያለ መንገድ ይዛለች። ለነፃ ሙያተኞች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ ቀጣሪ ላይ የታሰረ አይደለም። ከ1983 ጀምሮ ያለው የአርቲስቶች ማኅበራዊ መድን ደግሞ አርቲስቱን የሚያስከፍለው ግማሹን ነው፤ ቀሪውን ሥራውን የሚጠቀሙ ድርጅቶችና የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍኑታል። ለመመዝገብ በዓመት ቢያንስ 3,900 ዩሮ ከጥበብ ሥራ ማግኘት ይጠበቃል፤ ለጀማሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ይህ ገደብ አይጠየቅም። ሦስቱ ዓመታት ዋስ መፈለጊያ ጊዜ ናቸው ማለት ይቻላል። ፈቃዱን ለማውጣት ግን እዚያም ቢሆን ሥራ እንሰጠዋለን የሚሉ የደንበኞች ደብዳቤ ይጠየቃል።

ለአዲስ አበባ ይህ ሁሉ ምን ያመጣል? ዋሱ የሚዘጋጀው ከመነሳት በፊት፣ እዚሁ ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው ዘፈን ሥር የባስ ጊታር ተጫዋቹ፣ የቀረጻ ባለሙያው፣ የካሜራ ሠራተኛው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ክፍያው በእጅ ነው፤ ደረሰኝም ውልም የለም። የቅጂ መብት አዋጁ ከ2004 ጀምሮ ቢኖርም አብዛኛው ሥራ ሳይመዘገብ ያልፋል። ስቱዲዮዎች ለእያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ገጽ ውል ቢፈርሙና ስሙን ከሥራው ሥር ቢጽፉ ወጪው ከወረቀትና ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። የኦ-1 ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ጠበቃም ከአመልካቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚያኑ ወረቀቶች ነው።