የሁለት መቶ ብሩ ትርፍ ለማን ነው?

መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያ የብር ኖቶቿን ስትቀይር 2.9 ቢሊዮን ኖት መታተሙና ለኅትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር መውጣቱ ተነግሮ ነበር። ሲካፈል አንዱ ኖት በአማካይ 1 ብር ከ30 ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውን ባለ 200 ብር ኖት የደኅንነት ምልክቶቹ ትንሽ ቢያስወድዱትም፣ በወረቀቱ ዋጋና በላዩ በተጻፈው ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ያው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ይገባል? «ብሔራዊ ባንክ ኪስ» ማለት ይቀናል፤ ባንኩ ግን ኖቱን ለማንም በነጻ አያድልም። ንግድ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ሲወስዱ እዚያው ካላቸው ተቀማጭ ይቀነስባቸዋል። ገበያ ላይ ያለው ኖት በብሔራዊ ባንክ መዝገብ የተጻፈው በዕዳ በኩል ነው። በሌላው በኩል ወርቅ፣ የውጭ ምንዛሪና የመንግሥት የዕዳ ሰነድ ተቀምጠዋል። የዕዳ ሰነዱና ውጭ የተቀመጠው ምንዛሪ ወለድ ያስገባሉ፤ ኪሳችን ያለው ኖት ግን ለእኛ ሰባራ ሳንቲም አይከፍለንም። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ሴኞሬጅ ይሉታል።

አሜሪካ በዚህ ረገድ የታደለች ናት፤ ከዶላር ኖት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከአገሯ ውጭ ነው ተብሎ ይገመታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሣጥን ሥር የተደበቀ መቶ ዶላር ለዋሽንግተን የተሰጠ ወለድ አልባ ብድር ነው። ሆኖም ማተም ሁልጊዜ አያዋጣም። የአንድ ሳንቲሟን ፔኒ ለመሥራት ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ይፈጅ ስለነበር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ለዝውውር መመረቷ ቆመ። ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ፣ በ2021 ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለግምጃ ቤቱ ያስረከበው ተቋም፣ ወለድ ሲንር ለባንኮች የሚከፍለው ከሚያገኘው በልጦ በ2023 ከ114 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

እኛ ዘንድ ይህ ትርፍ ለረጅም ዘመን የባዕድ ነበር። ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ፣ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ስለሆነ ለአታሚው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ትርፍም የሚያገኙት ባሕር ማዶ ያሉ ማተሚያ ቤቶች ነበሩ። ሙሶሊኒ ለወረራ ሲዘጋጅ የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አሳተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ለንደንም ማተም ጀመረች። ሁሉም ላይ የተቀረጸው ዓመት ግን 1780 ነው። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው ፓሪስ ቢያሳትሙም ገበያተኛው ማርትሬዛን አልለቀቀም። መንግሥት ሕዝቡን በስፋት የራሱን ወረቀት ማስያዝ የቻለው ከሐምሌ 1937 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ወረቀት ደግሞ ፈተና አለው። መንግሥት በጀቱ ሲጎድል ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ከተበደረና ገበያው ውስጥ ያለው ዕቃ ካልጨመረ፣ አዲሱ ብር ዋጋውን የሚያገኘው በየቤቱ ካለው አሮጌ ብር ቀንሶ ነው። ምክር ቤት ያልመከረበት ግብር ማለት ነው፤ ጫናውም ይበልጥ የሚያርፈው ቤትና መሬት በሌለው፣ ደመወዙን በጥሬው በሚይዘው ላይ ነው። ዚምባብዌ በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት እስከማውጣት ደርሳለች። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ። ውሳኔው የወጣው የዋጋ ንረትን ለመግታት ከተወሰዱት ሌሎች እርምጃዎች ጋር ነበር።