የሩቅ ምሥራቅ ከርልዩ፦ አለያየቱ፣ ጠባዩና ቆጠራው



ዛሬ የምናገረው ስለ ሩቅ ምሥራቅ ከርልዩ ነው። ይህ ወፍ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ረግረጎች ይራባል፤ አብዛኛዎቹ ከዚያ ወጥተው ወደ አውስትራሊያ ዳርቻዎች ይሰደዳሉ። ከዓለም የዳርቻ ወፎች በአካሉ ትልቁ እርሱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኑሜኒየስ ማዳጋስካሪየንሲስ ቢሆንም ማዳጋስካር አገሩ አይደለም፤ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1766 ስሙን ሲያወጣ የሱላዌሲዋ ማካሳር ከማዳጋስካር ጋር ተምታታባት ተብሎ ይገመታል።

ጀማሪ ተመልካች ወፉን በመንቁሩ ርዝመት ለመለየት ይቸኩላል። እርግጥ ነው፣ ወደ ታች የተቆለመመው የሴቷ መንቁር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የወንዱ ግን ያጥራል፤ የጫጩትነት ዘመኑን ገና የጨረሰው ወጣት ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ አለው። ስለዚህ ርዝመት ብቻውን ያሳስታል። አስተማማኙ ምልክት ክንፍ ሲዘረጋ የሚታየው ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንና በቀይ ባሕር ዳርቻ በክረምት ስደቱ የሚታየው የዩራሺያ ከርልዩ ከጭራው በላይ ወደ ጀርባው የሚዘልቅ ነጭ ሽብልቅ አለው፤ የክንፉም ሥር ነጣ ያለ ነው። የሩቅ ምሥራቁ ግን ጀርባው እስከ ጭራው ቡናማ ነው፤ የክንፉ ሥርም በቡናማ መስመሮች የተዥጎረጎረ ነው።

ታዲያ ክንፉን ለማየት ብሎ ወፉን ማስነሣት ተገቢ አይመስለኝም። እጅግ ድንጉጥ በመሆኑ ሰው ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሳለም ይበራል፤ እያንዳንዱ በረራ ለጉዞው ያከማቸውን ስብ ይበላበታል። ላባውን ሲያበጥር ወይም ክንፉን ሲያፍታታ መጠበቅ ይሻላል።

ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ በጭቃው ላይ ተበታትነው ለየብቻ ይመገባሉ። መንቁራቸውን በሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ እስከ ሥሩ ይሰዳሉ፤ ጫፉ ብቻውን ሊከፈት ስለሚችል ያደነውን በጭቃው ውስጥ እንዳለ ይይዛል። ሸርጣኑንም ብዙ ጊዜ አራግፈው እግሮቹን ካስጣሉ በኋላ ይውጡታል። ባሕሩ ሲሞላ ግን በደረቅ አሸዋ ላይ ተሰብስበው ያርፋሉ። ቆጠራ የሚካሄደው በዚህ ሰዓት ነው።

ቆጠራው የሚነግረን ደስ አያሰኝም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2015 ዝርያውን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግባዋለች። ዋናው ችግር ያለው በመንገዱ ላይ፣ በቢጫ ባሕር ነው። ወፉ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ስብ የሚሞላው በዚያ የጭቃ ዳርቻ ሲሆን፣ ዳርቻው በግድብና በመሬት ሙሌት ሰፊ ቦታ አጥቷል። በደቡብ ኮሪያ ሴማንግም ብቻ 33 ኪሎ ሜትር ግድብ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሕሩን ዘጋው። በሌላ በኩል ዩኔስኮ የቻይናን ዳርቻ ከፊል እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኮሪያን ደግሞ በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ቁጥር ስታነቡ ወሩንም አንብቡ። ወጣቶቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወደ መራቢያው አይሄዱም፤ በአውስትራሊያ ይቆያሉ። በጥር የተቆጠረው ጎልማሳውንም ወጣቱንም ይጨምራል፤ በሰኔ የተቆጠረው ግን በአብዛኛው ወጣቱን ነው።