የትራክተር ጎማ ክብደትና የናፍጣ ቁጠባ በቆቦና በራያ ቆላ

በቆቦና በራያ ቆላ የእርሻ ጊዜ አጭር ነው። የጎቡና የሆርማት ወንዞች ጎርፍ ወደ ማሳ ከተለቀቀ በኋላ መሬቱ እርጥበቱን ሳያጣ መታረስ አለበት። በዚህ ጥድፊያ የትራክተሩ ጎማ በከንቱ ከተሽከረከረ ናፍጣም ጊዜም ይባክናል። ክፍያው በሄክታር ከሆነ ኪሳራው የማኅበሩ ነው፤ በሰዓት ከሆነ ደግሞ የገበሬው ነው።

በልል ደለል አፈር ላይ ክብደቱ ያነሰ ትራክተር ጎማው ይንሸራተታል። ክብደቱ ከበዛ ግን ሞተሩ ጉልበቱን ለማረሻው ሳይሆን የራሱን ሸክም ለመግፋት ይጨርሳል፤ አፈሩም ይጠቀጠቃል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ በደንብ አያሰርግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቆቦ በተደረጉ ሙከራዎች ውሃን በታሰረ ቦይ ማቆየት የማሽላን ምርት እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ በዚህ አገር አፈር መጠቅጠቅ ምርት መቀነስ ነው።

መንሸራተቱ እንዴት ይለካል?

1. በአንዱ የኋላ ጎማ ጎን ላይ በኖራ ምልክት ይደረግ።
2. ትራክተሩ እያረሰ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የሄደው ርቀት በሁለት ችካል ይመልከት።
3. ማረሻው ተነሥቶ፣ በአጠገቡ ባልታረሰው መሬት ላይ ያው ርቀት በዚያው ማርሽ ይነዳና ዙሩ ይቆጠር።

በኋላ ጎማ ብቻ ለሚጎትት ትራክተር ውጤቱ ከ8.5 እስከ 9 ዙር ከሆነ፣ መንሸራተቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ ክብደቱ ተስማሚ ነው። 7 ዙር ከሆነ መንሸራተቱ 30 በመቶ ነው፤ ክብደት ይጨመር። ከ9 ዙር በላይ ከሆነ ክብደት ይቀነስ።

ክብደት እንዴት ይጨመራል?

የብረት ክብደት ከቸርኬው ጋር ይታሰራል፤ ወይም ጎማው በውሃ ይሞላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በብርድ አገር ውሃው በረዶ እንዳይሠራ ጨው ይጨመርበታል፤ በቆቦ ቆላ ግን ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ጨው ቸርኬ ስለሚበላ አያስፈልግም።

ትራክተሩ በክሪክ ይነሣ፤ ቫልቩ ወደ ላይ ይዙር። ውሃው እስከ ቫልቩ ሲደርስ የጎማው ሦስት አራተኛ ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ አይሞላም፤ ቀሪው ቦታ የአየር ነው። በመጨረሻም አየሩ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ይነፋ። የአየሩ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ቢተነፍስም ግፊቱ ቶሎ ይወርዳልና ዘወትር ይለካ።

ማሳሰቢያ፦ ማረሻው ሲነሣ የፊት ጎማ ከመሬት የሚላቀቅ ከሆነ በፊት በኩል ክብደት ይታሰር። ጎማው ከሚችለው በላይ አይጫን። ትራክተሩ ተጎታች ይዞ ለጭነት ሥራ ሲወጣ ተጨማሪው የብረት ክብደት ይፈታ።

የልማት ሠራተኛው ልኬቱን ከነጂው ጋር ሆኖ ያሳይ፤ አፈሩ ወይም ማረሻው በተለወጠ ቁጥርም ይድገመው። የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ክብደቱ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ለአንድ ሄክታር ስንት ሊትር ናፍጣ እንደፈጀ ይመዝግብ። አባላቱ ጥቅሙን ከዚያ መዝገብ ያዩታል።